አረፋውን ማን ይጠብቅ? አሮጌ የውስኪ ፋብሪካ አዲስ መቆጣጠሪያ ሲገጠምለት

የመዳቡ ማንጠሪያ አንገት ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለች። ፊት ለፊቷ አንድ ሰው ቆሟል። እጁ የእንፋሎት ቫልቩ ላይ፣ ዓይኑ መስኮቷ ላይ ነው። የሚጠብቀው አረፋ ነው። ውስጥ ያለው ድፍድፍ መፍላት ሲጀምር አረፋው ምድጃ ላይ እንደተረሳ ወተት ሽቅብ ይወጣል። መስኮቷ ጋ ብቅ ሲል ሰውየው ቫልቩን ዘጋ ያደርጋል። አረፋው ይወርዳል። ከፈት ያደርገዋል። እንደገና ይወጣል። እንዲህ እያለ ያባብለዋል። ትንሽ ከተዘናጋ አረፋው አንገቱን ተሻግሮ ወደ ማቀዝቀዣው ይገለበጣል። ድፍድፉ ከወጣው አልኮል ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ የዕለቱ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ድሮ ይህ ሥራ በጆሮም ይሠራ ነበር። በገመድ የተንጠለጠለች የእንጨት ኳስ አለች። ኳሷን ለቀቅ አድርገው የማንጠሪያውን አንገት ያስመቷታል። አንገቱ ባዶ ከሆነ ይጮኻል። አረፋ ከደረሰበት ድምፁ ይታፈናል። የዚያን ዘመን ሴንሰር ይኸው ነበር።

በስኮትላንድ ይህንን ሠራተኛ ስቲልማን ይሉታል። በአገሪቱ ዛሬ ከ140 በላይ የውስኪ ፋብሪካዎች አሉ። በብዙዎቹ የስቲልማኑ እጅ ቫልቩን ከለቀቀ ቆይቷል፤ የሚቀመጠው ስክሪን ፊት ነው። በአንዳንዶቹ ግን ነገሩ ግማሽ ግማሽ ነው። ጥቂቱ በእጅ፣ ጥቂቱ ከ30 ዓመት በፊት በተገጠመ የመቆጣጠሪያ ፓናል ይሠራል። "ይህ ፋብሪካ ይዘምን" ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አዲስ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ግን ቀላሉ ነገር ነው፤ ገንዘብ ካለ ይገዛል። ጭንቁ ያለው ያ ሰው መስኮቷ ፊት ቆሞ የሚያውቀውን ነገር ከእጁ አውጥቶ ወረቀት ላይ ማስፈሩ ላይ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ውስኪው በአጭሩ። ገብስ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ብቅሉ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ስኳሩ ይወጣል። ጣፋጩ ፈሳሽ ቀዝቅዞ እርሾ ይገባበትና ሁለት ሦስት ቀን፣ አንዳንድ ቦታ አራት ቀንና ከዚያ በላይ ይብላላል። ሲጨርስ 8 ወይም 9 በመቶ አልኮል ያለው ድፍድፍ ይሆናል። ከዚያ ሁለት ጊዜ ይነጠራል። የመጀመሪያው ማንጠሪያ ወደ 20 ምናምን በመቶ ያደርሰዋል፤ ከሁለተኛው የሚሰበሰበው ደግሞ 70 በመቶ አካባቢ ነው። በመጨረሻ በርሜል ውስጥ ይተኛል።

በዚህ ላይ ሕግ አለ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ2009 የወጣው የስኮች ውስኪ ደንብ ጥብቅ ነው። ውስኪው ስኮትላንድ ውስጥ መነጠር አለበት። ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል፣ እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት መተኛት አለበት። ሲታሸግ ከ40 በመቶ አልኮል መውረድ የለበትም። ከውሃና ከተራ ካራሜል ማቅለሚያ በቀር ምንም አይጨመርበትም። "ሲንግል ሞልት" ለመባል ደግሞ ከአንድ ፋብሪካ የወጣና ድስት መሰል በሆነ ማንጠሪያ (ፖት ስቲል) ዙር በዙር የተነጠረ መሆን አለበት። ደንቡ ይህን ሁሉ ሲዘረዝር ቫልቩን ማን ይክፈት የሚል ነገር የለውም። ሰውም ይክፈተው ሞተር፣ ለሕጉ ያው ነው። ክርክሩ ስለ ጣዕም ነው።

"የመቆጣጠሪያ ሥርዓት" የሚለው ስም ያስፈራል እንጂ ነገሩ የሚያስፈራ አይደለም። ያያል፣ ያስባል፣ እጁን ይዘረጋል። የሚያየው በሴንሰር ነው። የሚያስበው ፒኤልሲ በሚባል ኮምፒውተር ነው። እጁ ደግሞ በሞተር ወይም በአየር ግፊት የሚንቀሳቀስ ቫልቭ ነው። ፒኤልሲ ቢሮ ውስጥ እንዳለው ኮምፒውተር አይደለም። ብረት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል፤ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ሴንሰሮቹን ያያል፣ የተጻፈለትን ደንብ ያነባል፣ ትእዛዝ ይሰጣል፣ እንደገና ይጀምራል። አይደክምም፤ ከተጻፈለት ውጪም አንዲት ነገር አያውቅም። የመጀመሪያዎቹ ፒኤልሲዎች የተሠሩት በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ነው። ያኔ የመኪና ፋብሪካዎች በሽቦና በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) የታጨቀ የመቆጣጠሪያ ካቢኔያቸውን በመቀየር ተማርረው ነበር። ውስኪ ፋብሪካዎቹ ጋ የደረሱት በኋላ ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ቀረብ ብለን እንያት፤ እኔ በጣም የምወዳት ነች። ቴርሞሜትሩ ለፒኤልሲው የሚልከው ንባብ ብዙ ጊዜ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። ዝቅተኛው ንባብ 4 ሚሊአምፒር ነው፣ ከፍተኛው 20። ከዜሮ ለምን አልተጀመረም? ሽቦው ቢበጠስ ጅረቱ ዜሮ ይሆናላ! መነሻው ዜሮ ቢሆን ኖሮ ፒኤልሲው "ኧረ ቀዝቅዟል" ብሎ እንፋሎቱን ይለቀው ነበር። አሁን ግን ጅረቱ ከ4 በጣም ሲወርድበት ሽቦው እንደተበጠሰ ይገባዋል። ማንጠሪያውን ዘግቶ ሰው ይጠራል። ለቫልቮቹም እንደዚሁ ነው። መብራት ቢጠፋ የእንፋሎቱ ቫልቭ በስፕሪንግ ራሱን ይዘጋል፤ የማቀዝቀዣው ውሃ ቫልቭ ግን ይከፈታል። ጥሩ መቆጣጠሪያ ሲሞትም በደህና እንዲሞት ተደርጎ ነው የሚሠራው።

ታዲያ የሚሠራን ነገር ለምን ይነኩታል? ብዙ ጊዜ የሚያስገድደው እርጅና ነው። የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ፒኤልሲዎች መለዋወጫቸው ከገበያ ወጥቷል። አንድ ካርድ ሲቃጠል ሁለተኛ እጅ ፍለጋ ነው። ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር አንዳንዴ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ድጋፍ የለውም። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ጡረታ ወጥቷል፤ ባክአፑም የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ሲሠራ ይሠራል፤ የቆመ ቀን ግን ቆመ ነው። ሌላው ምክንያት ገንዘብ ነው። ከአንድ ቶን ብቅል 400 ሊትር ገደማ ንጹህ አልኮል ይጠበቃል። በእንፋሎትም ሆነ በምርት ጥቂት በመቶ መባከኑ በዓመት ሲደመር ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የትኛው ሥራ ለማሽን ይሰጥ?

ብቅሉ በሙቅ ውሃ የሚታሽበት ሥራ ይሰጥ፤ እዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም። የመጀመሪያው ውሃ ከብቅሉ ጋር ሲቀላቀል ሙቀቱ 64 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። በጣም ከሞቀ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይሩት ኢንዛይሞች ይሞታሉ። ከቀዘቀዘ ደግሞ ስኳሩ በደንብ አይወጣም። ቀጣዮቹ ውሃዎች እየሞቁ ይሄዳሉ። ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ እየመጠኑ አንድ ቁጥር ላይ መያዝ ማሽን ከሰው በተሻለ የሚሠራው ነገር ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ሆነ ቀን፣ ለእሱ ያው ነው።

መብላላቱ ጋ ስንመጣ የሚገርም ነገር አለ። ብዙዎቹ የድሮ ጋኖች ከእንጨት የተሠሩ ናቸው። ማቀዝቀዣ የላቸውም። እርሾው ሥራ ሲጀምር ሙቀቱ ራሱ እየጨመረ 30ዎቹ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ማንም ምንም ሊያደርገው አይችልም። የሚቻለው ሲገባ ስንት ዲግሪ ይሁን ብሎ መወሰን ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ብዙ ሴንሰር መደርደር ለጌጥ ካልሆነ ጥቅሙ አይታየኝም። አንድ ቴርሞሜትርና ሰዓት ይበቃል።

ማንጠሪያው ጋ ነው ጉዱ ያለው። አረፋውን አስቡት። ቫልቩ ሲከፈት እንፋሎቱ መጀመሪያ ቱቦውን ያሞቃል፣ ከዚያ ድፍድፉን፣ ከዚያ አረፋው ይነሳል። መሃል ላይ መዘግየት አለ። የማያውቁት ቤት ገላ ስትታጠቡ እንደሚሆነው ነው። ውሃው ቀዘቀዘ ብላችሁ ሙቁን ትከፍታላችሁ። ምንም የለም። ትጨምራላችሁ። ድንገት ያቃጥላችኋል። ልምድ የሌለው መቆጣጠሪያም እንዲሁ ነው፤ አረፋው ሲወርድበት ብዙ ይከፍታል፣ ሲወጣበት ደንግጦ ይዘጋል፣ ማንጠሪያውን ሲያስተነፍሰው ይውላል። ስቲልማኑ ግን አረፋው መስኮቷ ጋ ከመድረሱ በፊት እጁ ቫልቩ ላይ ነው። እንዴት አወቅህ ቢሉት "መልኩን አይቼ" ይላል። "መልኩን" የሚለውን ወደ ቁጥር መቀየር ነው እንግዲህ ሥራው። ሥርዓቱ አረፋውን የሚያይ ሴንሰር፣ የማንጠሪያውን ሙቀትና የእንፋሎቱን ፍሰት አንድ ላይ ማየት አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ቀስ ማለትን መማር አለበት።

ሁለተኛው ማንጠሪያ ላይ ጉዳዩ ይጠልቃል። የሚወጣው አልኮል ሦስት ክፍል አለው። ቀድሞ የሚወጣው፣ ራስ የሚባለው፣ ይጎረብጣል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይነጠራል። መሃሉ፣ ልብ የሚባለው፣ ወደ በርሜል የሚሄደው ነው። ጭራው ከብዶ፣ እርጥብ ካርቶን የመሰለ ሽታ ይዞ ይመጣል፤ እሱም ይመለሳል። ከራስ ወደ ልብ፣ ከልብ ወደ ጭራ የሚዞርበት ሰዓት የፋብሪካው ማንነት ነው። አንዱ ቤት ጥንካሬው ወርዶ 60 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ልቡን መሰብሰብ ያቆማል፣ ሌላው ከዚያ ቀደም ብሎ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ስፒሪት ሴፍ በሚባል በነሐስና በመስታወት የተሠራ ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ ቁልፍ አለው። በ1820ዎቹ ከወጣው የግብር ሕግ ጋር ነው የመጣው፤ ከግብሩ በፊት ማንም አልኮሉን እንዳይነካው። ለረጅም ዘመን፣ እስከ 1980ዎቹ ድረስ፣ ቁልፉ የመንግሥት ቀራጭ ኪስ ውስጥ ነበር። ስቲልማኑ በመስታወት እያየ፣ ከውጭ ባለ እጀታ አፈሙዙን ከአንዱ ጎድጓዳ ወደ ሌላው ያዞራል። አልኮሉን ሳይቀምስና ሳያሸት የሚወስን ሰው ነው እንግዲህ። ከማሽን ጋር ያለው ልዩነት ያኔም ቢሆን ሲወራ የሰማነውን ያህል አልነበረም።

ዛሬ ጥንካሬውን የሚለካው ብዙ ጊዜ የጥግግት መለኪያ ነው። ፈሳሹ በሚንቀጠቀጥ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ከባድ ፈሳሽ ሲያልፍ ቱቦው ቀስ ብሎ ይንቀጠቀጣል፣ ቀላል ሲያልፍ ይፈጥናል። አልኮል ከውሃ ስለሚቀል ከንቅጥቃጤው ፍጥነት ጥንካሬው ይሰላል። ሙቀቱም አብሮ ይለካል፤ ምክንያቱም ያው ፈሳሽ ሲሞቅ ይቀላል። ስሌቱ ወደ 20 ዲግሪ ይመለሳል። ከስቲልማኑ ሃይድሮሜትር (ፈሳሹ ላይ እየተንሳፈፈ ጥንካሬውን ከሚያሳየው መለኪያ) ይፈጥናል፣ አይሳሳትም ማለት ይቻላል።

አንድ የማያየው ነገር ግን አለ። ስቲልማኑ የአልኮሉን ራስ ከልቡ ለመለየት አልኮሉ ላይ ውሃ ይጨምርበታል። ከደፈረሰ ገና ነው። ጥርት ካለ ልቡ ጀመረ። ድፍርስ የሚያደርገው ካለፈው ዙር ጭራ ማቀዝቀዣው ግድግዳ ላይ የቀረ ቅባት ነገር ነው። ጠንካራ አልኮል ያሟሟዋል፤ ውሃ ሲገባበት ይለያይና ወተት ይመስላል። ጥንካሬ ለኪው "75 በመቶ" ብሎ ሲያነብ ይህን ቅባት አያየውም። ለዚህ ነው ብዙ ፋብሪካዎች ከራስ ወደ ልብ የሚዞሩት በደቂቃ ቆጥረው፣ ከልብ ወደ ጭራ ግን በጥንካሬ ለክተው የሆነው።

ፍጥነትም ጣዕም ነው። እንፋሎቱ ቀስ ሲል ትነቱ ከመዳቡ ጋር ረዘም ያለ ጊዜ ያሳልፋል። መዳቡ ከድኝ የሚመጣውን ክፉ ሽታ ይይዛል። ስለዚህ አንድ መሐንዲስ "ይህን ሦስት ሰዓት ወደ ሁለት ተኩል ባወርደውስ?" ሲል የሚነካው ሰዓቱን ብቻ አይደለም። ስኮትላንዶች ይህንን ዋጋ ከፍለው ተምረዋል። ግሌንፋርክላስ የሚባለው ፋብሪካ በ1981 ከቀጥታ እሳት ወደ እንፋሎት ለመቀየር ሞክሮ ጣዕሙ ስለተለወጠበት ወደ እሳቱ ተመለሰ። ዳልዊኒ የሚባለው ሌላ ፋብሪካ በ1986 የድሮውን ማቀዝቀዣ፣ ውሃ ገንዳ ውስጥ የተጠመጠመውን የመዳብ ቱቦ፣ በዘመናዊ ተካ። ውስኪው ተቀየረ። በ1995 የድሮውን ዓይነት መልሶ ገጠመ። እነዚህ የዕቃ ለውጦች እንጂ የኮምፒውተር አይደሉም። ግን ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ታሪክ ግድግዳው ላይ ቢለጥፍ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ከየት ይጀመር? እኔ ብሆን ምንም ሳልነካ በማዳመጥ እጀምራለሁ። ሴንሰሮቹ ይገጠሙ፣ ቫልቮቹ ግን በእጅ እንዳሉ ይቆዩ። ለወራት ይመዝገብ። ያኔ ማንም ያላሰበው ነገር ብቅ ይላል። ሦስት ፈረቃ፣ ሦስት ስቲልማን፣ ግራፉ ላይ ሦስት የተለያየ መስመር! አንዱ መጀመሪያ ላይ ይቸኩላል፣ አንዱ መጨረሻ ላይ፣ ሦስተኛው ሁሌም ቀስ ይላል። ሁሉም "እንደ ድሮው ነው የምሠራው" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የቤቱ ጣዕም የሦስቱ ድብልቅ ነበር ማለት ነው። ማሽኑ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው የሚቀበለው። የማን ይሁን? ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ፕሮግራመሩ ከሆነ ፋብሪካው ተሳስቷል። ስቲልማኖቹና ሥራ አስኪያጁ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው መጨቃጨቅ አለባቸው። ምናልባትም በመቶ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

የፍንዳታው ነገርም አለ። የአልኮል ትነት ከአየር ጋር ከ3 እስከ 19 በመቶ አካባቢ ሲቀላቀል አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። የብቅል ወፍጮ አቧራም ይፈነዳል። ብሪታኒያ ውስጥ ለዚህ በ2002 የወጣ ደንብ አለ፤ ፋብሪካው በዞን ይከፈላል። አደገኛው ዞን ውስጥ የሚገባ ሴንሰር ቢበላሽ እንኳ ብልጭታ የሚፈጥር ጉልበት እንዳይኖረው ተደርጎ መሠራት አለበት። ስለዚህ ተራ ታብሌት ይዞ ማንጠሪያ ክፍል መግባት አይቻልም። ዋጋውን የሚያንረውም አንዱ ይህ ነው።

ቅየራው የሚደረገው ፋብሪካው ለጥገና በሚዘጋበት ጥቂት ሳምንት ነው። ድሮ በጋ ላይ ውሃ ስለሚያንስ ይዘጉ ነበር፤ ልማዱ ቀርቷል ማለት አይቻልም። ሁሉም ነገር ከዚያ በፊት መሞከር አለበት፤ አዲሱ ፕሮግራም ጠረጴዛ ላይ በውሸት ማንጠሪያ ሲሠራ ይታያል፣ ስቲልማኖቹ ይነካኩታል፣ ይሰብሩታል። ከዚያ ሽቦ በሽቦ። እያንዳንዷ ሽቦ ትፈተሻለች፤ ስዕሉ ላይ ያለው ካቢኔው ውስጥ ካለው ጋር አይገጥምማ። መቼም ገጥሞ አያውቅም።

ማስጠንቀቂያዎችም ይቀነሱ። አዲስ ሥርዓት ሲገባ ሁሉም ነገር እንዲጮህ ይደረጋል። በፈረቃ መቶ ጊዜ የሚጮህ ነገር ደግሞ ማንም አይሰማውም፤ አንደኛዋ እውነተኛ ጩኸት መሃሉ ላይ ትሰምጣለች። የፋብሪካው ኔትወርክ ከቢሮው ኔትወርክ ይለይ። ጥገና ድርጅቱ ከሩቅ የሚገባበት በር ሲፈለግ ብቻ ይከፈት። የእጅ ቫልቮቹ ደግሞ እባካችሁ ይቆዩ።

ይህን ሁሉ አልፈልግም ያለም አለ። አይላ በምትባል የስኮትላንድ ደሴት ላይ ያለው ብሩክላዲ የተባለ ፋብሪካ በ2001 እንደገና ሲከፈት የድሮ ዕቃውን ይዞ በእጅ መሥራትን መርጧል። ኮምፒውተር የገባው ለማየት ብቻ ነው፤ ሰው በኢንተርኔት እንዲመለከት ካሜራ ሰቅለው ነበር። በ2003 ከአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ኢሜይል መጣላቸው፤ አንዷ ካሜራችሁ ተበላሽታለች የሚል። ለካ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ጉዳይ የሚከታተለው መሥሪያ ቤት ሲያያቸው ኖሯል። ብሩክላዲዎች ምርጫቸው ያዋጣቸዋል፤ የሚሸጡትም አንዱ ነገር እሱው ነው። በሳምንት ሰባት ቀን ለሚሠራ ትልቅ ፋብሪካ ግን አይሆንም።

ቅየራው አልቆ ማንጠሪያው መልሶ ሲሞቅ የሚጠበቅ አንድ ነገር ይቀራል። ከመዘጋቱ በፊት በእጅ የተነጠረ አልኮል በጠርሙስ ተቀምጧል። አዲሱ ሲወጣ ሁለቱም በውሃ ቀጥነው ቁጥር ብቻ በተጻፈባቸው ብርጭቆዎች ይደረደራሉ። ስቲልማኖቹ በተራ ያሸታሉ። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ካቃታቸው ሥራ ይቀጥላል። አንዱ እንኳ "ይቺ እርጥብ ካርቶን አለባት" ካለ ወደ ጭራው መዞሪያ ይመለሱና የሚዞርበትን ጥንካሬ አንድ ነጥብ ከፍ ያደርጉታል። በርሜሉ የሚሰጠው ፍርድ ደግሞ ገና ነው። ሕጉ ሦስት ዓመት ይላል፤ ብዙው ሲንግል ሞልት ግን አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ይተኛል። ያ በርሜል ሲከፈት ዛሬ የተገጠመው ፒኤልሲ ራሱ መለዋወጫ እየተፈለገለት ይሆናል።